የፊት ሾኩ ይጠገን ወይስ ይቀየር? እስክወስን ያለፍኩበት መንገድ

የብስክሌት የፊት ሾክ ሲያረጅ ከሰው ሁሉ የሚመጣው ምክር አንድ ነው። «ቀይሪው!» ለማለት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ልክ የሚሆን ፎርክ፣ ማለትም ሾኩን ይዞ የፊት ጎማውን የሚያቅፈው ባለ ሁለት እግር ክፍል፣ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዋጋውም አያድርስ ነው። እኔ ለመወሰን ወራት ፈጅቶብኛል። በመሃል ወድቄ የእጄን አንጓ ተጎድቻለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ከአሜሪካ ያስመጣው ፎርክ አልገጥም ብሎት ገንዘቡ ባክኗል። እዚሁ ጥያቄ ላይ ላላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ብስክሌቴ ሁለተኛ እጅ ነው። የአሉሚኒየም ፍሬም፣ 27.5 ኢንች ጎማ፣ ዲስክ ፍሬን። አብሮት የመጣው ፎርክ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ፣ 100 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ፣ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነበር። በሥራ ቀን በኮብልስቶንና በአስፋልት እሄድበታለሁ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ እንጦጦ እወጣለሁ። ቦታውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ ሽቅቡ ሳንባ ይፈትናል። ቁልቁሉ የሚፈትነው ግን ብስክሌቱን ነው። የባሕር ዛፍ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይወጣል። በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። የፊት ፍሬን ስይዝ ከመሪው ሥር «ቋ» ይላል። ቀጥሎ ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ከዚያ የፎርኩ ጠባይ ተለወጠ። ትንንሽ ድንጋይ ላይ ጭራሽ አይሰምጥም። ትልቅ ነገር ሲመታው ግን ድንገት ይሰምጥና ወዲያው ተወርውሮ ይመለሳል። ብዙዎቹ ርካሽ የሞላ ፎርኮች የመመለሻውን ፍጥነት በዘይት የሚገታ ክፍል የላቸውም። ሞላው የዋጠውን ኃይል መልሶ ይተፋዋል። አንድ ቁልቁለት ላይ ሁለት ሥሮች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ፎርኩን አሰመጠው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ የፊት ጎማው ወደ ላይ ተወረወረ፤ መሪው ከእጄ ወጣ። አጥንት አልተሰበረም። አንጓዬ ግን አብጦ ለሳምንታት እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ።

ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ስልኬ ላይ የማየው ሁሉ ፎርክ ሆነ። ፎክስ 34፣ ሮክሾክስ ፓይክ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ግሩም ናቸው። አዲሶቹ ግን ብቻቸውን ከእኔ ሙሉ ብስክሌት ይበልጣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተጻፈ ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። ያም ሆኖ ልቤ ተነስቶ ነበር። ያቆመኝ የጓደኛዬ ነገር ነው።

እሱ ሜሪላንድ ያለ ዘመዱን ለምኖ ጥሩ ፎርክ አስመጣ። ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ሁላችንም አየነውና ቀናን። ሊገጠም ሲል ግን ከፎርኩ ወደ ላይ ወጥቶ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ቱቦ፣ ማለትም አንገቱ፣ ከታች ወፍራም ሆኖ ተገኘ። ከላይ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከታች 38.1። የእሱ ፍሬም የተሠራው ከላይ እስከ ታች እኩል 28.6 ለሆነ አንገት ነው። አልገባም። አክስሉም፣ ማለትም ጎማውን ከፎርኩ ጋር የሚያስረው ዘንግ፣ ሌላ ነበር። ፎርኩ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አክስል ይፈልጋል። የእሱ ጎማ ደግሞ ባለ 100 ስፋት፣ በቀጭኑ 9 ሚሊ ሜትር የሚታሰረው የድሮው ዓይነት ነው። አንገቱን ማቅጠን አይቻልም፤ ያ የሕይወት ጉዳይ ነው። ፎርኩ እስከዛሬ ሳሎኑ ጥግ ቆሟል።

ስለዚህ እጄ ሲሻለኝ ከመግዛቴ በፊት ብስክሌቱን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ጠጋኝ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፎርክ መቀየር አለበት አይደል?»

«ሳይከፈት ምን ይታወቃል ልጄ? ቁጭ በይ።»

መጀመሪያ ያደረጉት መፍቻ ማንሳት አልነበረም። የፊት ፍሬኑን አስያዙኝና ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ እንዳወዛውዘው አደረጉ። እሳቸው ጣታቸውን መሪው ሥር፣ ፍሬሙና ፎርኩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ዝቅ ብለው የሚያብለጨልጨው የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው እግር የሚገባበት ቦታ ላይ ያዙ። ሁለቱም ቦታ ላይ ይወዛወዛል፤ የላይኛው ይብሳል። «ቋ» የሚለው ድምፅ በአብዛኛው የመሪው ኩሽኔታ መላላት ነበር። ፎርኩ አልነበረም።

ይህን ፈተና ዛሬውኑ ቤታችሁ ሞክሩት። ምንም ዕቃ አይፈልግም። ውዝዋዜው ከላይ ከሆነ መሪውን የሚይዙትን ሁለት የጎን ቡሎኖች አላሉ። ከዚያ ከአናት ያለውን ቡሎን በጥቂቱ አጥብቁ፤ ውዝዋዜው ሲጠፋና መሪው ግን ሳይከብድ በነፃ ሲዞር አቁሙ። መጨረሻ ላይ የጎኖቹን መልሳችሁ እሰሩ። የጎን ቡሎኖችን ሳያላሉ የአናቱን ማጥበቅ ትርጉም የለውም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ውዝዋዜው ከታች፣ ቱቦው ከሚገባበት ከሆነ ግን የተበላው የፎርኩ የውስጥ ቡሽ፣ ማለትም ቱቦው ሳይወዛወዝ የሚንሸራተትበት ቀለበት ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ፎርኩ ተከፈተ። ከእግሮቹ ሥር ያሉት ሁለት ቡሎኖች ወጥተው የታችኛው ክፍል ሲሳብ ጥቁር ውሃ ፈሰሰ። እውነቴን ነው፣ ውሃ። ግራሶው ደርቆ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ነበር። ጋሼ ቀና ብለው «የት ነው የምታሳጥቢው?» አሉኝ። ከእንጦጦ ስወርድ የመኪና አጣቢዎች ጋ ነበር የማሳጥበው፣ በግፊት ውሃ። ያ ግፊት ጎሚኒውን፣ ማለትም ቱቦው መግቢያ ላይ ያለውን የላስቲክ መዝጊያ፣ አልፎ ውሃና አሸዋ ወደ ውስጥ ያስገባል። ኩሽኔታዎቹንም እንደዚያው። እባካችሁ ብስክሌታችሁን በባልዲ፣ በስፖንጅና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። አጣቢዎች ጋ የግድ ከሄዳችሁ ቧንቧውን ከፎርኩ፣ ከፔዳሉና ከጎማው መሃል ያርቁላችሁ።

ውስጡ ተጠርጎ አዲስ ግራሶ ተደረገለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ለመኪና ሻሲ የሚሆነውን ወፍራም ግራሶ ፎርክ ውስጥ አታስደርጉ። የፎርክን ጎሚኒ ሊያሳብጥ ይችላል፤ እንቅስቃሴውንም ያከብደዋል። ለብስክሌት ፎርክ ተብሎ የተሠራ ግራሶ አለ። ትንሽ ቱቦ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። የሞተር ዘይት መጨመርም ልማድ ሆኗል። የፎርክ ዘይት በውፍረቱ ይለያያል፤ አምራቹ ከሚለው ውጪ ስታደርጉ የፎርኩ ጠባይ ይለወጣል።

ከዚያ ጎማ። ጎሚስታ ጋ ስሄድ «ጠንከር አድርግልኝ» ማለት ልማዴ ነበር። ወደ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይሞላል። 60 ኪሎ የማልሞላ ሰው፣ 2.2 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ላይ ያን ያህል አየር አያስፈልገኝም። ወደ 28 እና 30 ፒኤስአይ ሳወርደው የጣቶቼ ድንዛዜ በግማሽ ቀነሰ። ምንም ሳልገዛ! እናንተ ከበድ ያላችሁ ከሆነ ከዚህ ከፍ አድርጉ፤ ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ በጣም ሲላላ ድንጋይ ላይ ቸርኬው ይቆነጥጠውና ይፈነዳል። በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሳችሁ ሞክሩ።

የፎርኩ አናት ላይ የሚዞር ቁልፍ ካለ ደግሞ ምን እንደሚሠራ እወቁ። በሞላ ፎርክ ላይ ያ ቁልፍ ሞላውን አስቀድሞ ይጫነዋል እንጂ ሞላውን ለስላሳ ወይም ጠንካራ አያደርገውም። ቀላል ሰው ከሆናችሁ አብሮ የመጣው ሞላ ሊከብዳችሁ ይችላል። ለማወቅ የላይኛው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፤ ወደ ታች ገፍታችሁ ጎሚኒው ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ሻካራ መንገድ ሄዳችሁ ተመለሱና ማሰሪያው የት እንደደረሰ ተመልከቱ። የእኔ 100 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል የተባለው ፎርክ ከግማሽ ብዙም አያልፍም ነበር። ለኪሎዬ አልተሠራም።

ከጽዳቱ በኋላ ብስክሌቱ ሌላ ሆነ። ድምፁ ጠፋ፣ ትንንሹን ድንጋይ መዋጥ ጀመረ። ለኮብልስቶንና ለአስፋልት ከበቂ በላይ ነበር። ብስክሌታችሁን ለከተማ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ታሪኩ እዚህ ያበቃል፤ ገንዘባችሁን ያዙ። እንዲያውም ለከተማ ሰው ምንም የማይሰምጥ ደረቅ የብረት ፎርክ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ይቀላል፣ ጥገና አይፈልግም፣ ሽቅብ ላይ ጉልበት አይበላም። ቁመቱ ብቻ ከባለ ሾኩ ፎርክ ጋር መመጣጠን አለበት። አጭር ከሆነ የብስክሌቱ አፍንጫ ይደፋል።

ለእንጦጦ ቁልቁለት ግን ሁለት ነገር ቀረ። ሁለቱም በጽዳት አይድኑም። አንደኛ ቡሽው ተበልቷል። ለዚያ ርካሽ ፎርክ መለዋወጫ ፈልጎ ማግኘት፣ ቢገኝም ማስገጠም ከፎርኩ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ሁለተኛ የግራው ቱቦ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበር። ጥፍራችሁን በቱቦው ላይ ወደ ታች ጎትቱ። ካልያዘው አትጨነቁ። ከያዘው፣ በተለይ ጎሚኒው በሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ አዲስ ጎሚኒ ብታስገቡም ያ ጭረት ይቆርጠዋል። ዝገት ከታየም እንዲሁ ነው። አንገቱ ወይም ሁለቱን እግሮች ከላይ የሚያገናኘው ክፍል ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ውሳኔ የሚባል ነገር የለም፤ ያን ፎርክ አንድ ቀን እንኳ አትንዱት።

በዚህ ላይ የመመለሻ መቆጣጠሪያ የለውም። የጣለኝ እሱ ነው። ያኔ ነው መቀየሩን የቆረጥኩት።

ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ፍሬሙ አዲስ ፎርክ ይገባዋል ወይ? ሰንሰለቱ የተሳበ፣ ማርሹ የሚዘል፣ ቸርኬው የተጣመመ ብስክሌት ላይ ውድ ፎርክ መግጠም አያዋጣም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ልክ ይህ ነው፤ ፎርኩ ከብስክሌቱ የዛሬ ዋጋ ግማሹን ካለፈ መጀመሪያ የተሻለ ፎርክ ያለው ሁለተኛ እጅ ብስክሌት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሙሉ ብስክሌት መግዛት ይረክሳል። የእኔ ፍሬም ደህና ነበር፣ ፍሬኑና ማርሹም ተቀይረው ነበር፣ መጠኑም ለቁመቴ ልክ ነው። መካከለኛ ፎርክ ይገባዋል አልኩ። ፓይክና ፎክስን ረሳኋቸው።

አሁን ወደ ልኬት እንምጣ። ጓደኛዬ የወደቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ተዋሱ። የድሮውን ፎርክ አውጥታችሁ አንገቱን ከላይም ከታችም ለኩ። 28.6 እና 28.6 ከሆነ ቀጥ ያለ ነው፤ ከታች 38.1 ከሆነ ወደ ታች የሚሰፋው ነው። የፍሬሙን የፊት ቱቦ የውስጥ ስፋትም ለኩ። 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ቀጥ ያለ አንገት ብቻ ነው የሚገባው። 44 ከሆነ ከታች ወደ ውጭ በሚወጣ ኩሽኔታ የሚሰፋውንም ማስገባት ይቻላል። ቀጥ ያለውን አንገት ሰፊ ፍሬም ላይ በማስተካከያ መግጠም ይቻላል፤ ወፍራሙን ጠባብ ፍሬም ላይ ግን በምንም ተአምር አይቻልም።

የአንገቱ ርዝመት ሌላው ወጥመድ ነው። ያገለገለ ፎርክ አንገቱ ለመጀመሪያው ባለቤት ፍሬም ተቆርጧል። ከእናንተው አጭር ከሆነ አትግዙት፤ ረዥም ከሆነ ይቆረጣል። ከዚያ አክስሉ፤ 9 ነው ወይስ 15? 100 ነው ወይስ 110? ፍሬናችሁ ዲስክ ነው ወይስ ቸርኬውን የሚይዘው? ብዙዎቹ የአሁን ፎርኮች ለቸርኬ ፍሬን መስቀያ የላቸውም። የጎማው መጠን 26፣ 27.5 ወይም 29 መሆኑን ከጎማው ጎን አንብቡ።

የሚሰምጥበትን ርዝመት በተመለከተ ስስታም ሁኑ። ብዙ ሰው 100 የነበረውን በ140 መቀየር ይመኛል። ፎርኩ በ20 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የብስክሌቱ አፍንጫ ይነሳና የፊቱ ማዕዘን አንድ ዲግሪ ገደማ ይለወጣል። በ40 ሲረዝም ሽቅብ ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል፣ መሪው ይዋዥቃል። ከሁሉ በላይ ለአጭር ፎርክ የተሠራው ፍሬም አንገቱ ላይ የማይችለው ጫና ይመጣበታል። አምራቹ የፈቀደው ከፍተኛ ልክ ካለ ከዚያ አትለፉ። ካላወቃችሁት የነበረውን ያህል ግዙ። እኔ 100ን በ100 ነው የቀየርኩት፤ የቅር ስሜት የለኝም።

የመረጥኩት ሮክሾክስ ሪኮን ሲልቨር ነው። በአየር የሚሠራ፣ 32 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ 9 በ100 አክስል። ቀላል ፎርክ አይደለም፤ ቱቦው ብረት ነው። ግን አየሩን ለኪሎዬ እሞላለሁ፣ የመመለሻ ፍጥነቱንም በቁልፍ አስተካክላለሁ። እኔ የፈለግኩት እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ነበር። ያመጣልኝ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ለእሱ የላክሁት መልእክት ውስጥ ልኬቶቹን በሙሉ ጻፍኩ፤ ከመክፈሉ በፊት የሻጩን ጽሑፍ በፎቶ እንዲልክልኝም ለመንኩት። ያገለገለ የምታስመጡ ከሆነ የቱቦዎቹን የፊትና የኋላ ፎቶ፣ እንዲሁም አንገቱ ከሜትር ጋር ተለክቶ የተነሳበትን ፎቶ አስልኩ። ለጉዞ አየሩ ይውጣለት። ከፎርኩ ጋር አብሮ የፎርክ ፓምፕና አንድ ተጨማሪ የጎሚኒ ስብስብ አስጨምሩ። ስብስቡ ምንም አይመዝንም፤ እዚህ ስትፈልጉት ግን አይገኝም።

ሲገጠም አንገቱን በችኮላ አታስቆርጡ። የድሮውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጣችሁ ለኩ፤ ደግማችሁ ለኩ። መሪውን በኋላ ከፍ ማድረግ እንድትችሉ ከመሪው ሥር ለሚገቡ ጥቂት ቀለበቶች የሚሆን ትርፍ ተዉለት።

አየር ስትሞሉ ጎሚስታ ጋ እንዳትሄዱ። የፎርኩ የአየር አፍ ከመኪና ጎማው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታው ቱቦ ልክ ይገጥማል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ፎርኩ ውስጥ ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። ኮምፕሬሰሩ ባንድ ትንፋሽ ከልክ ያሳልፈውና ጎሚኒውን ሊያበላሽ ይችላል። ትንሿን የእጅ ፓምፕ ተጠቀሙ። ስትነቅሏት የምትሰሙት «ጭስ» የሚል ድምፅ በአብዛኛው ከፓምፗ ቱቦ የሚወጣ ነው፤ ደጋግማችሁ አትሙሉ። ከዚያ ቦርሳችሁን አንግታችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ፔዳሉ ላይ ቁሙ። ባለ 100 ፎርክ በክብደታችሁ ብቻ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ ጥሩ መነሻ ነው። ለሻካራ ቁልቁለት እስከ 25 ሊደርስ ይችላል። የመመለሻውን ቁልፍ ከመሃል ጀምሩ። ተወርውሮ ከተመለሰ ቀስ ብሎ እንዲመለስ አድርጉት። ተከታታይ ድንጋይ ላይ እየሰመጠ ከቀረ ደግሞ አፍጥኑት።

ሮክሾክስ የታችኛውን እግር በየ50 ሰዓቱ፣ ሙሉውን ፎርክ በየ200 ሰዓቱ ማስከፈት ይመክራል። የእንጦጦ አቧራ ሲታይ እኔ 50ውን አልጠብቅም፤ ክረምት ሲወጣ አንዴ፣ በበጋው መሃል አንዴ ጋሼ ጋ እወስደዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቱቦዎቹን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ ፎርክ የገጠማችሁ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች በኋላ ያን የፍሬን ፈተና ድገሙት። ኩሽኔታው ቦታውን ሲይዝ መሪው ትንሽ ይላላል፤ ያኔ የጎኖቹን አላልቶ የአናቱን ቡሎን በጥቂቱ ማጥበቅና የጎኖቹን መልሶ ማሰር ይበቃል። የፍሬኑን ቡሎኖችም አብራችሁ ነካ አድርጓቸው።